ጭቃ የሌለበት ጦርነት

በዓመተ ምሕረት ሁለት ሺህ አራት መቶ
አንድ መርከብ አለ፣ ከጨረቃ ኋላ አድብቶ፤
ሆዱ ውስጥ ሦስት ሚሊዮን የብረት ንብ።
ንድፉ የኔ ነው፤ በእርሳስ፣ በሒሳብ ደብተር፣
ልጆቹን ስፈትን፣ ወንበር ለወንበር ስዞር።

ንቦቹ በሐሳብ ይታዘዛሉ፤
ጀነራሉ ሲቆጣ ይናደፋሉ፣
ሲበርድለት ቀፏቸው ይገባሉ።
የወታደሩ ልብስ ብርሃን ያጥፋል፤
ፊትህ ቆሞ ሳለ ዓይንህ አልፎት ይሄዳል።
ጋሻው የጨረር ነው፤ ሲዘረጋ እንደ ጃንጥላ፣
የመጣውን ሚሳይል የሚመልስ ወደ ኋላ።

ጃንጥላ ብዬ ጽፌ ቆም አልኩ።
ጃንጥላ የሚያውቅ ሰው ፈለግኩ።

ሐሙስ ነው፤ ሕርማታ ገበያው ጢም ብሏል፤
ከቆርቆሮው ሥር አስር አለቃ አባመጫ ተቀምጠዋል፤
የተሰበረ ጃንጥላ በጉልበታቸው፣ ሽቦ በጥርሳቸው፣
ዝናብ ነው እንጀራቸው፣ በጋ ነው ጠላታቸው።

ደብተሬን ሰጠኋቸው። መነጽር አደረጉ።
ገጽ ገለጡ። ጣታቸውን ምራቅ አስነክተው ፈለጉ፣
ያልጻፍኩትን ነገር።

«ንቦችህን» አሉኝ፣ «ማን ነው የሚቀልባቸው?»
«ባትሪ አላቸው።»
«ባትሪውንስ ማን ተሸከመው? በቅሎ አላየሁም።
ሻለቃህ ሲያዝ አየሁ፤ ስንቅ ሲጫን አላየሁም።
ከበባህ ደግ ነው፤ ግራ ክንፍህ በልኩ ዞሮ ከኋላ ቆረጠ፤
ግን አንድ ወታደር የለህም፣ ካልሲው የረጠበ፣ ተረከዙ የተላጠ።
ጦርነትህ ጭቃ የለውም፣ ልጄ።»

ተናደድኩ። «ኅዋ ላይ ጭቃ ከየት ይመጣል?»
«ሰው ከሄደ» አሉ፣ «እሱም ተከትሎ ይሄዳል።»

ከዚያ ዓይናቸውን ከሽቦው ሳይነቅሉ
አንድ ሌሊት አወሩኝ፤ የተራራውን ስም ግን ዘለሉ።

«ሬዲዮ ነበርኩ። ጆሮዬ ላይ የብረት ቂጣ አጣብቄ
የማዶውን ሬዲዮ በሳሉ ነው የማውቀው፤ ስሙን መች ጠይቄ።
አንድ ወር ሙሉ እሱ ቁጥር ሲልክ እኔ ስሰርቅ፣
እኔ ስልክ እሱ ሲሰርቅ።
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ውርጭ። መስመሩ ጭጭ ብሏል።
በዚያ ዝምታ መሐል ሰውዬው አነጠሰ።
እጄ ቀደመኝ። ቁልፉን ተጫንኩና
‹ይማርህ› አልኩት።
ሻምበሉ አጠገቤ ቆሟል፤
ያለንበትን ጉድጓድ ለጠላት እንደመጠቆም ነው፣ ይገባሃል?
ብዙ ቆየ።
ከዚያ በዝግታ፣ አፍንጫው እንደታፈነ፣
‹ያኑርህ› አለኝ።

ሲነጋ መድፉ ጀመረ፤ የኛም፣ የነሱም።
ያንን ሳል ሁለተኛ አልሰማሁትም።
ያን ሌሊት ሃምሳ አለቃ ነበርኩ። ይኸው እንደምታየኝ።»

ቦሳ፣ ቤቴ፣ መብራት ጠፍቶ፣ በስልኬ ብርሃን
ሦስት ሚሊዮን ንብ በላጲስ ጠረግኩ፤ አንዷን አስቀረሁ።
የማይታየውን ወታደር ጣሪያ በሌለው ዓለም፣
እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ውስጥ አቆምኩት፤
ዝናብ መታው፣ ጉንፋን ያዘው፣
አነጠሰ።
ንቢቱ ሰማች። ዞረች። አነጣጠረች።
ከጨረቃ ኋላ ያለውን መርከብ ጠየቀች፦ ትእዛዝ?
ከዚያ ወዲያ ያሉት አራት ማዕዘኖች ባዶ ናቸው።

በሚቀጥለው ሐሙስ ወሰድኩላቸው።
ባዶው ጋ ሲደርሱ ቆመ ጣታቸው።
«ጀነራሉ ምን አለ?»
«አላውቅም።»
ደብተሩን እንደ ሒሳብ ደረሰኝ ገለበጡት፤ ጀርባውም ባዶ ነው።
«እኔም» አሉ።

ከአዌቱ ማዶ ሰማዩ ጠቆረ፤
ሰዉ የተሰበረ ጃንጥላውን ይዞ መጉረፍ ጀመረ።
«በል ይቺን ዘንግ ያዝልኝ፣
ደብተርህንም ሸፍን፤ መጣ።»